የሊፔዝ ምርመራ በአንድ የግል ላቦራቶሪ

እኅቴን ወደ ጀርባዋ የሚወጋ ብርቱ የሆድ ሕመም በያዛት ምሽት፣ ሐኪሟ ድንገተኛ የቆሽት ብግነት ጠርጥሮ የሊፔዝ (ቆሽት የሚያመነጨው፣ ስብ የሚፈጭ ኢንዛይም) ምርመራ ስላዘዘ፣ የደም ናሙናዋን አዲስ አበባ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ የግል ላቦራቶሪ ወሰድኩ። ውጤቱ በሁለት ሰዓት ውስጥ ደረሰ፤ የመደበኛው መጠን ከፍተኛ ወሰንም አብሮ ስለታተመበት፣ በ2012 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው፣ ሐኪሞች የቆሽት ብግነትን የሚለዩበት የአትላንታ መመዘኛ የሚጠይቀውን 3 እጥፍ ማለፉን ሐኪሟ ወዲያው አየ። በዚህ አመሰግናቸዋለሁ።

ሊፔዝ ስታርች ከሚፈጨው ሌላ ኢንዛይም፣ ከአሚሌዝ ይልቅ ለብዙ ቀናት በደም ውስጥ ከፍ ብሎ ስለሚቆይና የቆሽትን ሕመም ይበልጥ ለይቶ ስለሚያመለክት ብቻውን ይበቃ ነበር፤ ሐኪሟ ያላዘዘውን አሚሌዝ ጨምረው ማስከፈላቸው ግን አልተዋጠልኝም። ከዚህ የባሰው ውጤቱን የሰጠኝ ሠራተኛ «ቁጥሩ በጣም ስለጨመረ ሕመሙ ከባድ ነው» ብሎ ማስደንገጡ ነው። የሊፔዝ መጠን በሽታውን ለመለየት ይረዳል እንጂ ክብደቱን አይናገርም። ለክብደቱ ሐኪሞች የሚከታተሉት በደም ውስጥ ያለውን የዩሪያ ናይትሮጅን (ኩላሊት የሚያስወግደው ቆሻሻ)፣ የሄማቶክሪት (የቀይ ደም ሴሎች ድርሻ) እና የሲአርፒ (ብግነት ሲኖር የሚጨምር ፕሮቲን) ለውጥ ሲሆን፣ በተለይ ሲአርፒ በ48ኛው ሰዓት ገደማ በሊትር ከ150 ሚሊግራም ሲበልጥ ጥንቃቄ ያሻዋል፤ ይህንኑ የሲአርፒ ምርመራ ላቦራቶሪው በሌሊት ባለመሥራቱ ሌላ ቦታ ለመሄድ ተገድጃለሁ።