ማርቆስ ላለችው የኮምፒውተር ባለሙያ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ

ሉማሜ ውስጥ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። የምሠራባት ኮምፒውተር ዊንዶውስ 7 የተጫነባት አሮጌ ናት። ማመልከቻና ውል ስጽፍባት ችላኝ ኖራ፣ ተማሪዎች በሥዕልና በሠንጠረዥ የታጨቀ የመመረቂያ ጽሑፍ ማምጣት ሲጀምሩ አቃታት። አንድ ፋይል እስኪከፈት ቡና ተፈልቶ አቦሉ ይጠጣል።

መጀመሪያ ያየልኝ ሰው፣ ስሙም ሰፈሩም ይቅር፣ «ራም አንሷታል» ብሎ፣ ራም የሚሉት ኮምፒውተሯ ስትሠራ የያዘችውን ለጊዜው የምታስቀምጥበት ነው፣ 2 ጊጋባይቱን ወደ 4 አሳደገው። እምብዛም አልተለወጠችም። ተመልሼ ብሄድ ወደ 8 አሳደገው። የ8 ጊጋባይት ከፍዬ ኮምፒውተሯ ራሷ የምጠቀመው 3 ነጥብ ምናምን ጊጋባይት ብቻ ነው ብላ ትጽፍልኛለች! ብጠይቀው «ይለምዳል» አለኝ። በሬ ነው የሚለምደው? ሁለተኛው ደግሞ ክዳኗን እንኳ ሳይፈታ ማዘርቦርዷ (ዋናው ሰሌዳዋ) ሞቷል፣ አዲስ ይግዙ፣ ይችን በርካሽ እወስድልዎታለሁ አለ። ያን ዕለት ምሳ ሳልበላ ነው ወደ ቤቴ የተመለስኩት።

ከዚያ ሰው ጠቁሞኝ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያው አካባቢ ወደምትሠራው ልጅ ሄድኩ። ከእኔ በፊት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ፤ ዊንዶውስ 32 ቢትና 64 ቢት የሚባል ሁለት ዓይነት አለው፤ ብዙ ራም የሚቆጥረው 64ቱ ነው። እርሳቸውም ዊንዶውሱ ወደ 64 ቢት ይቀየርልኝ ባይ ናቸው። አየችና «ጋሼ፣ የእርስዎ ራም 2 ብቻ ነው፤ 64 ቢት ቢጫንበት የሚጨምርልዎ ነገር የለም፣ ገንዘብዎን ይያዙ» ብላ ሸኘቻቸው። አንድ ብር አልተቀበለችም። እዚያው ላይ ልቤ አረፈ።

የእኔን ከፍታ ወዲያው ሳቀች። የተጫነው 32 ቢት ነው፤ እርሱ ከ4 ጊጋባይት በላይ አይቆጥርም አለች። አልገባኝም። የእድራችን ጸሐፊ መሆኔን ስነግራት እንዲህ አለችኝ፦ «መዝገብዎ መስመሩ አልቋል እንበል። ከዚያ በኋላ የመጣው ሰው ቤት ቢኖረውም አልተጻፈምና ድንኳን አይደርሰውም። ራሙም ገብቷል፣ ግን አልተመዘገበም።» በሁለት ዓመት ውስጥ የገባኝ ማብራሪያ ይህ ብቻ ነው።

ወደ 64 ቢት ለማለፍ ሁሉም ተጠርጎ እንደ አዲስ ይጫናል። ስለዚህ ሳትነካው በፊት ፋይሎቼን በሙሉ ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ገለበጠች፤ የማተሚያዬን ስም ጠይቃም ለ64 ቢት የሚሆን ሾፌር፣ ማለትም ማተሚያውን ከዊንዶውሱ የሚያግባባ ፕሮግራም፣ መኖሩን አረጋገጠች። ከዚያ «ይዩት» ብላ የእድሩን መዝገብ በራሷ ኮምፒውተር ከፈተችው። የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ! ጉልበቴ ከዳኝ። ለካ በድሮው የፓወር ግእዝ ፊደል የተጻፈ ነበር፤ ያ ፊደል ያልተጫነበት ኮምፒውተር አያነበውም። ፊደሉን ከእኔ ኮምፒውተር ወስዳ ስትጭነው ስሞቹ አንድ በአንድ ተመለሱ። የእናቴም ስም አለ። ካረፈች አራት ዓመቷ ነው፤ መሰረዝ አልሆነልኝም። ልጅቷ ዝም ብላ ውኃ ቀዳችልኝ፤ እስክረጋጋ ድረስ ሥራዋን አልቀጠለችም።

የዊንዶውስ 7 መደበኛ ድጋፍ (ከጠላፊ የሚጠብቀው ማሻሻያ) ጥር 5 ቀን 2012፣ የ10ሩም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ማብቃቱን ነግራኛለች፤ 11ዱ ግን ለእኔ አሮጌ ኮምፒውተር እንደማይሆን አልሸሸገችኝም። 64 ቢቱን 10 ጫነችልኝና በዚህች ኮምፒውተር ላይ የባንክ ሥራ እንዳልሠራ አስጠነቀቀችኝ። አሁን 8ቱም ይቆጠራል። 120 ገጽ የመመረቂያ ጽሑፍ ሳትንገታገት ትከፍታለች። የጠየቀችኝ 500 ብር ነው፤ እነዚያ የወሰዱብኝን ባልናገር ይሻላል።

ወገኖቼ፣ ከደጀንም ከአማኑኤልም ሆናችሁ ራም ግዙ ከመባላችሁ በፊት እርሷ ዘንድ ሂዱ። እደግመዋለሁ፣ ሂዱ። ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ለምናኛለች፤ ለጠየቀኝ በውስጥ መስመር አድራሻዋን እልካለሁ። ቅዳሜ ሰው ይበዛባታል። የማተሚያችሁንም ስም ጽፋችሁ ያዙ፤ መጠየቋ አይቀርም።