አንድ ካርቶን ውሃ ተሸክሜ ገባሁ፤ እናንተ እንዳትደግሙት

ጎበዝ፣ ይህን የምጽፈው ሰባት ጠርሙስ «ዝግጁ ስጎ» ከማድቤት መደርደሪያ ላይ እያፈጠጠብኝ ነው። ሲገዙ አስራ ሁለት ነበሩ። አምስቱን እንደምንም በላናቸው፤ ስድስተኛውን የሚከፍት ሰው ግን ከቤታችን ጠፍቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራ ያደከመኝ ቀን አስቤዛ ልገዛ ገባሁና «12 ሲወስዱ የ9ኙን ብቻ ይክፈሉ» የሚል ወረቀት አየሁ። ጠርሙሱ ላይ የበሰለ ቲማቲምና እንፋሎት የሚወጣው ሳህን ተስሏል፤ ከሥሩ «በ10 ደቂቃ፣ ያለ ልፋት» ይላል። በዚያ ሰዓት ጆሮዬ የሚፈልገው «ያለ ልፋት» የሚለውን ብቻ ስለነበር ጀርባውን እንኳን አላገላበጥኩም። ያገላበጥኩት ማታ ነው፤ ባለቤቴ አንድ ጊዜ ቀመሰችና «ስኳር የጨመርክበት ለምንድን ነው?» ስትለኝ። እኔ ምንም አልጨመርኩም።

ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ቅደም ተከተል ይህ ነበር፦ ውሃ፣ የቲማቲም ድልህ 18 በመቶ፣ ስኳር፣ ስታርች፣ ዘይት፣ ጨው፣ ከዚያ ሽንኩርት በዱቄት፣ ከዚያ ሌላ ሌላው። ብዙ ሰው የማያውቀውን ላስረዳ። የምግብ ማሸጊያ ላይ ግብዓቶች የሚደረደሩት በክብደታቸው ነው፤ ብዙ የገባው ፊት፣ ትንሽ የገባው ኋላ። ስለዚህ ከፊት ለፊት የተሳለው ቲማቲም ጀርባው ላይ ሁለተኛ ሆኖ፣ ውሃ አንደኛ ወጥቷል ማለት ነው። ስኳሩ ከዘይቱም ከጨውም ይበልጣል። ሽንኩርቱማ ከጨውም በታች ነው፤ ሽንኩርት ከጨው ያነሰበት ስጎ እስቲ የት አያችሁ?

ሒሳብ ይዤ ተቀመጥኩ። አንዱ ጠርሙስ 400 ግራም ነው፤ 18 በመቶው 72 ግራም ድልህ። በ12 ስናበዛው 864 ግራም። 4 ኪሎ ተኩል ከሚያልፍ ካርቶን ውስጥ ከአንድ ኪሎ ያነሰ ድልህ ይዤ ነው ደረጃ የወጣሁት። ድልህ በውሃ መቅጠኑ ነውር የለውም፣ ቤትም የምናደርገው እሱኑ ነው። እኔን ያናደደኝ ውሃውን ከቧንቧዬ መቅዳት እየቻልኩ በስጎ ዋጋ ገዝቼ መሸከሜ ነው። ስታርቹም የገባው ውሃው ውሃ እንዳይመስል ነው፤ ያወፍረዋል፣ ማንኪያ ላይ ያጣብቀዋል። በሳምንቱ ተመልሼ ዋጋ ሳወዳድር፣ በቅናሽ በተባለው የአንድ ጠርሙስ ዋጋ የሦስት ጠርሙስ ያህል ስጎ የሚወጣው ድልህ ከነሽንኩርቱ ይገዛ ነበር።

«ዋጋውስ ይሁን፣ ጊዜህን ቆጥቦልሃል» የሚለኝ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ እኔም ራሴን እንደዚያ ነበር ያጽናናሁት። ስለዚህ ሰዓት ያዝኩ። ከባዶ ስሠራ ሁለት ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት መላጥና መክተፍ 8 ደቂቃ ወሰደብኝ። ማቁላላቱና ድልሁን ማብሰሉ 20 ደቂቃ ገደማ ነው፤ በዚያ መሃል ግን እጄ ነጻ ነው፣ አልፎ አልፎ ከማማሰል በቀር። ዋናው ነገር ደግሞ ወዲህ ነው፤ ፓስታው ውሃው ፈልቶ እስኪበስል እሱም 20 ደቂቃ ይፈጃል። ስጎው ከጠርሙስ ቢወጣ በ10 ደቂቃ ሞቆ ፓስታውን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ እራት የሚቀድመው በመላጫና በመክተፊያዋ 8 ደቂቃ ብቻ ነው። የሚታጠበው ድስትም ያው ነው። ከሁለተኛው ጠርሙስ ጀምሮ ደግሞ ጣዕሙን ለማስተካከል ሽንኩርት እየከተፍኩ መጨመር ነበረብኝ። ከእጅ አይሻል ዶማ ማለት ይኼ ነው።

ካርቶኑ ካስተማረኝ በኋላ እጄ ላይ የገባውን ማሸጊያ ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ (ቤተሰቤ ተሰላችቷል፣ ገበያ ይዘውኝ መሄድ ትተዋል)። ከሁሉ የሚያታልለው «በአንድ ድርሻ» የምትለዋ ቃል ናት። ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚያፈላት አንዲት ፈጣን ኑድልስ አለች። ሰንጠረዡ ሶዲየም (ጨው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር) 800 ሚሊግራም ይላል፤ ብዙም አያስደነግጥም። ከራስጌው ግን «ማሸጊያው 2 ድርሻ ይይዛል» ተብሏል። ያቺን ከመዳፍ የማትበልጥ እሽግ ለሁለት ከፍሎ የሚበላ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። እንግዲህ 1600 ሚሊግራም ሆነ። ሶዲየምን ወደ ጨው ለመቀየር በ2.5 ማብዛት ነው፤ 4 ግራም ጨው ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ነው የሚመክረው። ለልጅ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ልጄ ከእራት በፊት የአንድ ትልቅ ሰው የቀን ጨው ሊጨርስ ምንም አልቀረውም ማለት ነው። ቅመሟ ለብቻ በትንሽ ከረጢት ስለምትመጣ አሁን ግማሿን ብቻ እንጨምርና አትክልት እንከትፍባታለን። ሙሉ በሙሉ ከልክለው የተሳካላቸው ወላጆች ካሉ ዘዴውን ይንገሩኝ።

«ርካሽ ነው» የሚባለውም ሲበላ ሌላ ነው። በ2019 የወጣ አንድ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ጥናት አለ። 20 ሰዎችን ተቋሙ ውስጥ አስቀምጠው ለሁለት ሳምንት በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ብዙም ያልተነካካ ምግብ አቀረቡላቸው። ሁለቱም ሲቀርቡ በካሎሪ፣ በስኳር፣ በስብና በጨው የተመጣጠኑ ነበሩ፤ የፈለጉትን ያህል ብሉ ተባሉ። በተቀነባበረው ጊዜ በቀን ወደ 500 ካሎሪ የሚጠጋ ጨምረው በሉ፤ የሚበሉትም በፍጥነት ነበር። ጥናቱ ትንሽና አጭር ነው፣ ከእሱ ተነስቼ ዓለምን አላወግዝም። ግን የእኛ ቤት እሽግ ነገር ለምን ከታሰበለት ቀን ቀድሞ እንደሚያልቅ ያኔ ገባኝ። ለአራት ሰው ተብሎ የተገዛው ለሦስት የሚበቃ ከሆነ የዋጋው ሒሳብ እንደገና መሠራት አለበት።

የቆርቆሮ ባቄላና ቦሎቄም ላይ ሁለት ክብደት ተጽፎ ታገኛላችሁ። ትልቁ ከነፈሳሹ ነው፤ ትንሹ ውሃው ተጠንፍፎ የሚቀረው። ባለ 400 ግራሙ ቆርቆሮ ብዙ ጊዜ 240 ግራም ገደማ ነው የሚያስቀርላችሁ። ማየት ያለባችሁ ትንሹን ነው። አንድ ኪሎ ደረቅ ቦሎቄ ተቀቅሎ ከሁለት ኪሎ በላይ ስለሚወጣው፣ ከስምንት ቆርቆሮ በላይ ነው ብላችሁ ያዙ። በረዶ ሆኖ የሚሸጥ ዓሣም ላይ እንዳይደርቅ ተብሎ የሚለበስ የበረዶ ሽፋን አለ፤ ሽፋኑ ከክብደቱ ይቀነስ አይቀነስ ሳታዩ አትክፈሉ።

ይህን ስል ግን የታሸገ ሁሉ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም፤ «እናቶቻችን ሁሉን ከባዶ ይሠሩ ነበር» እያሉ ሁለት ፈረቃ የሚሠራን ሰው የሚያሸማቅቁትን አልወድም። የቆርቆሮ ቦሎቄን ራሱ እገዛለሁ። ቀይ ቦሎቄ በደንብ ካልፈላ ሆድን ክፉኛ የሚያውክ ተፈጥሯዊ መርዝ አለው፤ ሌሊቱን ዘፍዝፎ፣ ውሃውን ደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ በደንብ ማንተክተክ ይፈልጋል። ቀስ ብለው በዝቅተኛ ሙቀት በሚያበስሉ የኤሌክትሪክ ድስቶች ብቻ ሲሠራ መርዙ ላይጠፋ ይችላል። የቆርቆሮው ግን በስሎ የመጣ ነው፤ ፈሳሹን ደፍታችሁ በውሃ ስታለቀልቁት ከጨውም ይቀንሳል። በረዶ ሆኖ የሚሸጥ አተርና ስፒናችም እንደዚያው ነው፤ ከእርሻ በወጣ በሰዓታት ውስጥ ለአጭር ጊዜ ተቀቅሎ በረዶ ስለሚደረግ፣ ፍሪጅ ውስጥ ሳምንት ከከረመው «ትኩስ» አትክልት አያንስም። ግብዓቱም አንድ ቃል ነው፦ አተር።

እንግዲህ ካርቶኑን ልመልስ ሄጄ ነበር። የቅናሽ ዕቃ አይመለስም አሉኝ፤ ደረሰኙ ጀርባ ላይ ተጽፏል፣ እሱንም አላነበብኩም ነበር። ስለዚህ ቢያንስ ይህቺን ያዙልኝ፦ ያልቀመሳችሁትን ነገር በካርቶን አትግዙ። መጀመሪያ አንዱን በሙሉ ዋጋ ገዝታችሁ እቤት ሞክሩት። ትልቁ እሽግ ሁልጊዜ ይረክሳል ብላችሁም አትመኑ፤ ዋጋውን ለክብደቱ አካፍላችሁ የኪሎ ሒሳቡን አውጡ፣ ስልካችሁ እኮ ማስሊያ አለው።

ሰባቱን ቀስ በቀስ ሾርባ ውስጥ እየደበቅኩ ነው የምጨርሳቸው፤ ስኳሩ እንዳይታወቅ ሎሚ ጠብ አደርግበታለሁ። ባዶዎቹን አምስት ጠርሙሶች ግን እመሰክርላቸዋለሁ፤ ክዳናቸው ጥብቅ ነው፣ ደረቅ ቦሎቄዬን ሞልቼባቸዋለሁ።