ኪስ ሳይጎዳ በባቡር፦ ከቻይና ጥንታዊ ከተሞች የትኛዋን፣ በየትኛው ቲኬት?

ከቤጂንግ ወደ ሺያን ለመሄድ የባቡሩን አፕ ስትከፍቱ ለአንድ መንገድ አራት ዋጋ ይደረደርላችኋል። በፈጣኑ ባቡር ሁለተኛ ማዕረግ 515 ዩዋን አካባቢ፣ በማታው ባቡር ለስላሳ አልጋ 400 ገደማ፣ ጠንካራ አልጋ ከ250 እስከ 280፣ ጠንካራ ወንበር ደግሞ 150 አካባቢ። አብዛኛው አዲስ ተጓዥ ወይ ቶሎ የሚያደርሰውን ወይ በጣም ርካሹን ይቆርጣል። እኔ ሁለቱንም ሞክሬ የተመለስኩት ወደ ጠንካራው አልጋ ነው።

ስሙ አያስፈራችሁ። ፍራሽ አለው፣ አንሶላ፣ ትራስና ብርድ ልብስ አለው። ከለስላሳው የሚለየው ክፍሉ በር የሌለው መሆኑና በአንድ ክፍል አራት ሳይሆን ስድስት ሰው መተኛቱ ነው፤ በግራ ሦስት፣ በቀኝ ሦስት፣ ልክ እንደ ዶርም ተደራራቢ አልጋ። የታችኛው ትንሽ ይወደዳል፣ ግን እስኪመሽ ድረስ የሰፈሩ ሁሉ መቀመጫ ነው። የላይኛው ርካሽ ነው፤ ቆጥ ላይ እንደወጣች ዶሮ አንገታችሁን ሰብራችሁ ትገባላችሁ፣ ቀና ብሎ መቀመጥ የለም። የእኔ ምርጫ መካከለኛው ነው፤ ማንም አይቀመጥበትም፣ አየርም አለው። ቁመታችሁ ከ1 ሜትር ከ80 በላይ ከሆነ ግን እግራችሁ ወደ መተላለፊያው ስለሚወጣ ሌሊቱን የሚያልፍ ሰው ሁሉ ይገጨዋል።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ መብራት ይጠፋል። ከዚያ በፊት ያለው ሰዓት ነው የጉዞው ጨዋታ። በየፉርጎው ጫፍ የፈላ ውኃ ስላለ ሁሉም ፔርሙሱን ይዞ ይሰለፋል፤ በትልልቅ የካርቶን ጎድጓዳ የታሸገ ኢንዶሚ ሽታ ፉርጎውን ይሞላዋል። መጀመሪያ በተሳፈርኩ ቀን ከፊቴ ያሉ እናት አንድ ቃል ሳንግባባ የሱፍ ፍሬ በእፍኛቸው ዘግነው መዳፌ ላይ አፈሰሱልኝ፤ ልጣጩን የት እንደምጥል ሳመነታ በጣታቸው ወደ ብረት ትሪው አሳዩኝ። ጠዋት ስነቃ ሺያን ደርሻለሁ፤ የዚያን ሌሊት ሆቴል አልከፈልኩም።

ሂሳቡን ተመልከቱት። በፈጣኑና በጠንካራ አልጋው መካከል 250 ዩዋን ያህል ልዩነት አለ፤ በሆስቴል አንድ አልጋ ከ50 እስከ 80 ዩዋን ስለሚሆን የተረፈችው ሌሊት ስትጨመር ልዩነቱ 300 ያልፋል። በየመንገዱ ዳር ኑድልና ዳቦ ለሚበላ ሰው ይህ የብዙ ቀን ቀለብ ነው። ፈጣኑ ከ4 ሰዓት በላይ እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል፤ ቢሆንም የሚፈጀው የቀን ሰዓት ነው፣ ከተማ የምታዩበትን ሰዓት ማለት ነው። የማታው ባቡር የሚወስድባችሁ እንቅልፋችሁን ነው፣ እሱም ካልቀናችሁ። የሚያንኮራፋ ጎረቤት ከደረሳችሁ አይዟችሁ ከማለት በቀር የምለው የለኝም።

ጠንካራው ወንበርስ? እስከ አምስት ሰዓት ለሚፈጅ የቀን ጉዞ ወደር የለውም። ለሌሊት ግን ለጠላቴም አልመኘው። ጀርባው ቀጥ ያለ ነው፣ መብራቱ እስኪነጋ አይጠፋም፣ ወንበር የሌላቸው መንገደኞችም መተላለፊያው ላይ ይቆማሉ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ «ወንበር የለም» የሚለው ቲኬት ዋጋው ከጠንካራ ወንበሩ እኩል ነው። ቆማችሁ ስለሄዳችሁ አይቀነስላችሁም፤ በፈጣኑ ባቡርም የቆመ ሰው የሁለተኛ ማዕረግ ዋጋ ይከፍላል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የወንበር ቁጥር መኖሩን እዩ።

ባቡሮቹን የምትለዩት በቁጥራቸው ፊት ባለው የላቲን ፊደል ነው። «ጂ»፣ «ዲ» እና «ሲ» ፈጣኖቹ ናቸው፤ «ዜድ»፣ «ቲ» እና «ኬ» አሮጌዎቹ፣ ማለትም የእኛ የኪስ ቆጣቢዎቹ ባቡሮች። «ኬ» በየመንደሩ ይቆማል፣ ግን ለአጭር መንገድ ርካሽ ነው።

ጣቢያው የት ነው?

የቲኬት ዋጋ ሲወዳደር ሰው የሚረሳው ይህን ነው፤ እኔም ረስቼ ተቀጥቻለሁ። ሺያን ውስጥ አሮጌው ጣቢያ ከጥንታዊው ቅጥር አጠገብ በስተሰሜን በኩል ነው፤ ከሆስቴል በእግር ይደረሳል። አብዛኞቹ ፈጣኖች የሚነሱት ግን በሜትሮ ርቆ ከሚገኘው «ሺያን ሰሜን» ነው። ወደ ሉዎያንግ የፈጣን ባቡር ቲኬት ይዤ፣ ቦርሳዬን አዝዬ፣ ተዝናንቼ አሮጌው ጣቢያ ደረስኩ። የበሩ ሠራተኛ ስልኬን አይታ «ቤይ! ቤይ!» እያለች እጇን ወደ ሰሜን ዘረጋች። በሜትሮ ሺያን ሰሜን ስደርስ ባቡሩ ሄዷል። ደግነቱ ያመለጠ ቲኬት በዚያው ቀን ለሚነሳ ሌላ ባቡር ይቀየራል፤ ወረፋ ይዤ ቀየርኩ። ከዚያ ወዲህ አራት ቃል ሸምድጃለሁ፦ ቤይ ሰሜን፣ ናን ደቡብ፣ ዶንግ ምሥራቅ፣ ሺ ምዕራብ።

ፒንግያኦም እንዲሁ ነው። አሮጌው ጣቢያ ከቅጥሩ በእግር የሚደረስ ሲሆን የፈጣኑ ጣቢያ ከከተማው ውጭ ሜዳ ላይ ነው፤ አውቶቡስ ወይ ታክሲ ይጠይቃል። ሉዎያንግ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ የፈጣኑ ጣቢያ «ሉዎያንግ ሎንግመን» ለሎንግመን የቡድሃ ዋሻዎች ይቀርባል። ከሺያን በፈጣኑ 175 ዩዋንና ሁለት ሰዓት የማይሞላ፣ በአሮጌው ጠንካራ ወንበር 55 ዩዋንና አምስት ሰዓት ገደማ ነው። ዋሻውን ብቻ አይታችሁ በዚያው ቀን የምትቀጥሉ ከሆነ ፈጣኑን ቁረጡ። የምታድሩ ከሆነ አሮጌው ይሻላል፤ መሀል ከተማ ያወርዳችኋል።

ከተሞቹ

ሺያንን ከዝርዝሩ የሚያወጣ ሰው አላውቅም፤ እኔም አላወጣም። የታንግ ሥርወ መንግሥት መዲና ቻንግአን የነበረች ናት። የሸክላ ሠራዊቱ እ.ኤ.አ. በ1974 ገበሬዎች ጉድጓድ ሲቆፍሩ የተገኘ ነው፤ መግቢያው 120 ዩዋን። ከከተማው ወጣ ስለሚል ቀኑን ሙሉ ይበላል፤ ጣቢያ በር ላይ «አስጎብኚ» ነን የሚሉትን አልፋችሁ በሜትሮና በአውቶቡስ ሂዱ። ቅጥሩ 54 ዩዋን ነው፤ ዙሪያው 14 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ቢቀረው፣ በኪራይ ብስክሌት ይዞራል። እኔን ያስገረመኝ ግን ሁለቱም አይደሉም። የድንጋይ ጽሑፎች በተሰበሰቡበት ቤይሊን ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ781 የቆመ፣ አናቱ ላይ መስቀል የተቀረጸበት ድንጋይ አለ። እ.ኤ.አ. በ635 ክርስትና ቻይና መድረሱን በቻይንኛ ይተርካል፣ በሱርስት ፊደልም ስሞች ተጽፈውበታል። ብዙ ጎብኚ ዘወር ብሎ ሳያየው ያልፋል። ሙስሊም አንባቢዎች ደግሞ ታላቁን መስጊድ አያልፉትም፤ ሚናራው እንደ ቻይና ቤተ መቅደስ ጣሪያ የተደራረበ ነው።

ቀጥሎ ያለው ምርጫ ነው የሚያስቸግረው፦ ዳቶንግ ወይስ ሉዎያንግ? ሁለቱም በድንጋይ ዋሻ ቡድሃዎች የታወቁ ናቸው፤ እንዲያውም የአንድ ቤት ሥራ ናቸው። ሰሜናዊ ዌይ የሚባለው ሥርወ መንግሥት መዲናው ዳቶንግ ሳለ የዩንጋንግን ዋሻዎች ፈለፈለ፤ እ.ኤ.አ. በ493 ወደ ሉዎያንግ ሲዛወር ሎንግመንን ጀመረ። ኪሳችሁ አንዱን ብቻ ካስቻላችሁ እኔ ዩንጋንግ እላለሁ። መግቢያው 120 ዩዋን ነው፣ ከሎንግመኑ 90 ይወደዳል፤ ግን ዋሻ ውስጥ ገብታችሁ ቀና ስትሉ ግድግዳውና ጣሪያው በሙሉ በቀለም የተሸፈነ ቅርጽ ነው። ሎንግመን ከወንዝ ዳር ያለው አቀማመጡ ያምራል፣ እ.ኤ.አ. በ675 የተጠናቀቀው 17 ሜትር ቡድሃም ያስደምማል፤ ሆኖም በ20ኛው ክፍለ ዘመን ዘራፊዎች የቆረጧቸው አንገቶች ብዙ ናቸው። ባዶ ትከሻ እያያችሁ ነው የምትሄዱት። ሚያዝያ ላይ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል፤ ሉዎያንግ ያኔ በፒዮኒ አበባ ትታወቃለች፣ ሆቴሉም አብሮ ይወደዳል።

ስለ ዳቶንግ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ኋላ እንዳትወቅሱኝ። በፎቶ የምታዩት ግርማ ያለው የከተማ ቅጥር እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ እንደ አዲስ የተገነባ ነው። ለዋሻው ሂዱ፣ ለቅጥሩ አትሂዱ። ገደል ላይ የተሰቀለው ቤተ መቅደስም ከከተማው ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ላዩ ላይ ለመውጣት ከመግቢያው ሌላ 100 ዩዋን ይጠየቃል። ከሥር ቆሞ ማየቱ ለእኔ በቂ ነበር። ከቤጂንግ በፈጣኑ ሁለት ሰዓት ገደማ ስለሆነች፣ ጉዟችሁን ቤጂንግ ለምትጀምሩ የመጀመሪያ ማረፊያ ትሆናለች።

እውነተኛ ቅጥር የምትፈልጉ ፒንግያኦ ሂዱ። እ.ኤ.አ. በ1370 የታነጸው ቅጥር 6 ኪሎ ሜትር ያህል ዙሪያውን ሙሉ ሆኖ ቆሟል፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1997 መዝግቦታል። ለኪስ የሚስማማውም እዚህ ነው፦ በሩን አልፎ በጎዳናዎቹ መዘዋወር በነፃ ነው። 125 ዩዋን የሚከፈለው ቅጥሩ ላይ ለመውጣትና ወደ ቤቶቹ ለመግባት ነው፤ ለሦስት ቀን ያገለግላል። ከቤቶቹ አንዱ ሪሼንግቻንግ እ.ኤ.አ. በ1823 ሐዋላ የጀመረ ነው፤ ነጋዴው ብሩን ፒንግያኦ አስገብቶ ወረቀቱን ይዞ ሌላ ከተማ ያወጣ ነበር። ዛሬ በስልክ ገንዘብ የምንልክ ሰዎች የዚያን ቤት ባንኮኒ ስናይ ፈገግ ማለታችን አይቀርም።

ማደሪያውም እዚህ ይለያል። በግቢ ዙሪያ የተሠሩ አሮጌ ቤቶች ወደ እንግዳ ማረፊያ ተለውጠዋል፤ የሚተኛው «ካንግ» ላይ ነው፣ የእኛን የጭቃ መደብ ያስታውሳል፣ ልዩነቱ ከሥሩ እንዲሞቅ ተደርጎ በጡብ መሠራቱ ነው። ቀን ቀን ዋናው ጎዳና በጎብኚ ይጨናነቃል፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላና ንጋት ላይ ግን ቀይ ፋኖሶቹ ሥር የራሳችሁን እግር ድምፅ ትሰማላችሁ። ስለዚህ ለአንድ ቀን ደርሶ መመለስ እዚህ ከስሮ መግባት ነው፤ እደሩ። ከሺያን በፈጣኑ 3 ሰዓትና 150 ዩዋን ገደማ ነው።

ካይፌንግን በአጭሩ፦ የሰሜናዊ ሶንግ መዲና ነበረች፣ እ.ኤ.አ. በ1049 የተሠራ 55 ሜትር የሚደርስ ግንብ አላት፣ የማታ ገበያዋ ጥሩ ነው። ከጎረቤቷ ከተማ ከዠንግዡ በባቡር ግማሽ ሰዓት ናት። ጊዜ ከተረፈ እንጂ ለእሷ ብሎ መንገድ አይቀየርም።

ለማን የቱ?

አንድ ሳምንት ላለው፦ ቤጂንግ፣ በማታ ባቡር ሺያን፣ ከዚያ ፒንግያኦ፤ ይበቃል። አራተኛ ከተማ ስትጨምሩ ዋጋው የሚወጣው በቲኬት ሳይሆን በየጣቢያው ፍተሻ፣ በሜትሮና በድካም ነው። አሥር ቀን ያለው ዳቶንግን ከቤጂንግ በኋላ ያስገባ። ከጓንግዡ ሸቀጥ ጨርሰው ትንሽ ቀን የሚተርፋቸው ነጋዴዎች ሺያንን ብቻ ይዩ፤ መንገዱ ረጅም ስለሆነ ለእነሱ እንኳ ለስላሳ አልጋ አይበዛም።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ቪዛ ያስፈልገዋል። የአሜሪካ ፓስፖርት ያላችሁ ወደ ሦስተኛ አገር የምታልፉ ከሆነ ለ240 ሰዓት ያለ ቪዛ የመግባት ዕድል አላችሁ፤ የሚፈቀዱት አካባቢዎች ግን የተወሰኑ ስለሆኑ ከተሞቻችሁ ዝርዝሩ ውስጥ መኖራቸውን አስቀድማችሁ አጣሩ።

የጾም ነገር። «ሱ» ማለት ሥጋ የሌለው ነው፤ «ዎ ቺ ሱ» ስትሉ ይገባቸዋል። እንቁላል ግን በብዙ ቤት ከሱ ጋር ይቆጠራል፤ ስለዚህ «ቡ ያዎ ጂዳን» ብላችሁ ጨምሩበት። ሐላል ለሚፈልግ «ቺንግጄን» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ያለው የኑድል ቤት ከአሮጌ ጣቢያዎች አጠገብ አይጠፋም።

ቲኬት የሚከፈተው ከጉዞው 15 ቀን በፊት ሲሆን በቅድሚያ የሚያልቀው ጠንካራ አልጋ ነው። 12306 በሚባለው የባቡሩ አፕ በፓስፖርት ተመዝግባችሁ ብትቆርጡ የወኪል ኮሚሽን የለበትም፤ ስማችሁን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለ ጻፉ። ወረቀት ቲኬት የለም፣ ቲኬታችሁ ፓስፖርታችሁ ነው፤ ማሽኑ ካላነበበው ሠራተኛ ወዳለበት በር ሂዱ። ሰዓቱ ሲጻፍ በ24 ነው፤ 19:40 ማለት ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ40 ነው፣ እኛ ሰዎች እዚህ ላይ እንሳሳታለን። ከጥቅምት 1 እስከ 7 በፈረንጅ፣ በእኛ ከመስከረም 21 ገደማ ጀምሮ ያለው ሳምንት የቻይና ብሔራዊ በዓል ነው፤ ያኔ መካከለኛው አልጋ ይቅርና የላይኛው ቆጥም አይገኝም። መስቀልን አገር ቤት አክብራችሁ፣ ያ ሳምንት ሲያልፍ ተነሱ።