አፓቼ ሲኤክስኤፍ ከዶትኔት አገልግሎቶች ጋር ምን ያህል ይግባባል?

በጃቫ የተሠራ ሲስተም በማይክሮሶፍት ደብልዩሲኤፍ (የዶትኔት የአገልግሎት መሥሪያ) ከተጻፈ የሶፕ (በኤክስኤምኤል መልእክት የመለዋወጫ ደንብ) አገልግሎት ጋር መልእክት መለዋወጥ ካለበት፣ ከነጻዎቹ ላይብረሪዎች መጀመሪያ መሞከር ያለበት አፓቼ ሲኤክስኤፍ ነው። ሴልቲክስና ኤክስፋየር የተባሉ ሁለት ፕሮጀክቶች ተዋህደው የወለዱት ሲሆን፣ አገልግሎቱ የሚጠይቀውን የደህንነትና የአድራሻ ደንብ የአገልግሎቱን ጥሪዎች ከሚገልጸው የደብልዩኤስዲኤል ፋይል አንብቦ ራሱ ይተገብራል። ትልቁ ብልጫው ግን ሌላ ነው፤ የማያውቀው ነገር ሲገጥመው ዝም ብሎ አያልፍም። ከዶትኔት ጋር ሲሠራ የዚህ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ወረድ ብሎ ይታያል።

የመጀመሪያው ግጭት አብዛኛውን ጊዜ የሶፕ ስሪት ነው። በደብልዩሲኤፍ የግንኙነቱን መንገድ የሚወስነው ቅንብር ባይንዲንግ ይባላል፤ ቤዚክኤችቲቲፒባይንዲንግ በሶፕ 1.1፣ ደብልዩኤስኤችቲቲፒባይንዲንግ ደግሞ በሶፕ 1.2 ይናገራል። 1.1 ይዘቱን ቴክስት/ኤክስኤምኤል ብሎ ይልካል፣ የሚጠራውን ተግባርም ሶፕአክሽን በሚባል ሄደር ለብቻው ያስቀምጣል። 1.2 አፕሊኬሽን/ሶፕ+ኤክስኤምኤል ይላል፣ ተግባሩንም እዚያው ኮንቴንት-ታይፕ ውስጥ ይጨምራል። ሳይገጥም ሲቀር ሰርቨሩ 415 (ይህን የይዘት ዓይነት አልቀበልም የሚል ስህተት) ይመልሳል፤ መፍትሔውም ከደብልዩኤስዲኤሉ ትክክለኛውን ፖርት መምረጥ ብቻ ነው።

ደህንነቱ ላይ ሥራው ይከብዳል። ደብልዩኤስኤችቲቲፒባይንዲንግ ካልተነካ በስተቀር የዊንዶውስ ማንነት ይጠይቃል፣ በሁለቱ ወገኖች መካከል የቁልፍ ድርድር ያካሂዳል፣ የደህንነት ሴሽንም ይከፍታል። ከጃቫ በኩል ይህን ሁሉ ለማሟላት ከመታገል የአገልግሎቱን ባለቤት ማስለወጥ ይቀላል፦ ኢስታብሊሽሴኩሪቲኮንቴክስት እና ኒጎሺዬትሰርቪስክሪደንሻል ፎልስ ይሁኑ። ከተቻለ ደግሞ ትራንስፖርትዊዝሜሴጅክሪደንሻል ይመረጥ፤ ኤችቲቲፒኤስ መልእክቱን ይሸፍናል፣ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል በቶከን ይሄዳሉ። የይለፍ ቃሉ በዳይጀስት (በሃሽ በተቀየረ) መልክ ከተላከ ደብልዩሲኤፍ በራሱ አይቀበለውም፣ ስለዚህ ሲኤክስኤፍ ላይ ፓስወርድቴክስት የሚለው ይመረጥ።

እዚህ ላይ ሰዓትም ያጣላል። ደብልዩሲኤፍ እስከ 5 ደቂቃ የሚደርስ የሰዓት ልዩነት ይታገሣል። ሲኤክስኤፍ የሚጠቀምበት የደህንነት ላይብረሪ ደብልዩኤስኤስ4ጄ ግን ወደፊት ለቀደመ የጊዜ ማኅተም የሚፈቅደው 60 ሰከንድ ብቻ ነው። የዶትኔቱ ሰርቨር ሰዓት በ2 ደቂቃ ቢቀድም ጥያቄው ያልፋል፣ ምላሹ ይወድቃል፤ ይህን ያየ ሰው ሰርተፊኬት ሲመረምር ይውላል። ሁለቱንም ሰርቨሮች ከኤንቲፒ (የሰዓት ማስተካከያ አገልግሎት) ጋር ማስተካከል ይቀድማል። ፊውቸርታይምቱሊቭ የሚለውን ቁጥር ማሳደግ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን።

እስካሁን ያሉት ችግሮች ቢያንስ ስህተት ይመልሳሉ። አደገኞቹ ግንኙነቱ ሠርቶ፣ 200 (ተሳክቷል የሚል ኮድ) ተመልሶ፣ ዳታው ግን መንገድ ላይ የሚጠፋባቸው ናቸው። ዳታን ወደ ኤክስኤምኤልና ከኤክስኤምኤል የሚቀይረው የደብልዩሲኤፍ ዳታኮንትራክትሲሪያላይዘር የኤለመንቶችን ቅደም ተከተል አጥብቆ ይጠብቃል። ቅደም ተከተል ካልተሰጠው ፊልዶቹን በፊደል ተራ ይደረድራቸዋል፤ ከተራው ውጭ የመጣውን ኤለመንት ሳይናገር ይዘለዋል፣ ፊልዱም ባዶ ይሆናል። አንድ የጃቫ ፕሮግራመር በክላሱ ውስጥ የፊልዶችን ቦታ አቀያይሮ የዶትኔቱ ፕሮክሲ (ከደብልዩኤስዲኤሉ የሚመነጨው የጥሪ ኮድ) እንደገና ሳይመነጭ ከቀረ፣ የደንበኛ ስልክ ቁጥር በጸጥታ ይሰወራል። ሲኤክስኤፍ በተቃራኒው ያልጠበቀው ኤለመንት ሲመጣ አንማርሻሊንግ ኤረር ብሎ ያቆማል። ብዙዎች ይህን በማማረር ማረጋገጫውን ያጠፉታል፤ በጣም መጥፎ ልማድ ነው። ማጥፋት ሳይሆን መጨመር ይገባል፦ በኤክስኤምኤልታይፕ ላይ ፕሮፕኦርደርን (የፊልዶቹን ተራ) በግልጽ ጽፎ፣ በሙከራ ሰርቨሩ ላይ የስኪማ (የኤክስኤምኤሉ ቅርጽ ደንብ) ማረጋገጫውን ለገቢውም ለወጪውም ማብራት።

ሁለተኛው ጸጥተኛ ጥፋት የአማራጭ ቁጥሮች ነው። በጃቫ ኢንቲጀር ተብሎ የተጻፈ ፊልድ በስኪማው ሚንኦከርስ 0 (ባይኖርም የሚፈቀድ) ይሆናል። በኤክስኤምኤልሲሪያላይዘር የመነጨ የዶትኔት ክላስ ደግሞ ለእያንዳንዱ እንዲህ ያለ ፊልድ ስፔሲፋይድ የሚል ተጨማሪ ቡሊያን ይፈጥራል። የዶትኔቱ ፕሮግራመር ዋጋውን ሞልቶ ቡሊያኑን ትሩ ካላደረገ ቁጥሩ ጭራሽ አይላክም፣ ጃቫው ጋ ነል (ባዶ) ይደርሳል። ፊልዱ የግድ ከሆነ በኤክስኤምኤልኤለመንት ላይ ሪኳየርድ ትሩ ማድረግ ነገሩን ከሥሩ ይፈታዋል።

ቀንና ሰዓትም እንዲሁ ነው። ካይንዱ (የቀጠና ዓይነቱ) አንስፔሲፋይድ (ያልተገለጸ) የሆነ የዶትኔት ዴትታይም ያለ ሰዓት ቀጠና ይጻፋል። ጃቫው ወደ ግሪጎሪያንካለንደር ሲቀይረው የራሱን ሰርቨር ቀጠና ይለጥፍበታል፤ ሰርቨሮቹ የተለያየ ቀጠና ላይ ካሉ ሰዓቱ ይዛባል። ላኪው ዩቲሲ ይጠቀም።

ትልልቅ ፋይል ለሚያያይዙ፦ ኤምቶም (ፋይልን ከሶፕ መልእክት ጋር በባይነሪ የመላኪያ ስልት) በሁለቱም በኩል ይሠራል፣ ግን የደብልዩሲኤፍ ማክስሪሲቭድሜሴጅሳይዝ ካልተለወጠ 65,536 ባይት ላይ ያቆማል። ሲኤክስኤፍም ትልልቅ ጥያቄዎችን በቸንክ ከፋፍሎ ይልካል፤ መሐል ላይ ያለ ፕሮክሲ ሰርቨር ይህን ካልወደደ 411 (የመልእክቱ ርዝመት ይነገረኝ የሚል ስህተት) ይመጣል፣ ያኔ አላውቸንኪንግን ፎልስ ማድረግ ነው።

ስሪት ሲመረጥ 4.0 ጃካርታ ኔምስፔስ (ጃቫክስ የሚለውን የተካ የፓኬጅ ስም) እና ጃቫ 17 እንደሚፈልግ መታወቅ አለበት፤ ጃቫክስ ላይ የቆየ ፕሮጀክት በ3 መስመር ይቆይ። የሎጊንግ ሞጁሉ ከመጀመሪያው ቀን ይጨመር፤ በሽቦው ላይ ያለፈውን ኤክስኤምኤል ሳያዩ የሁለት ወገን ክርክር መፍታት አይቻልም።

ሲኤክስኤፍ የማይሆንለት አንድ ቦታ አለ፤ አርፒሲ/ኢንኮድድ በሚባለው የሶፕ አጻጻፍ የተጻፉ አሮጌ አገልግሎቶች። የደብልዩኤስ-አይ ቤዚክ ፕሮፋይል (የሶፕ አገልግሎቶች መግባቢያ ደንብ) ያገደው ስልት ስለሆነ ሲኤክስኤፍ ከደብልዩኤስዲኤሉ ኮድ ለማመንጨት እንኳ እምቢ ይላል። ጥሪዎቹ ጥቂት ከሆኑ ኤንቨሎፑን (የሶፕ መልእክቱን መጠቅለያ) በሳጅ (በጃቫ የሶፕ መልእክት መሥሪያ) በእጅ ሠርቶ መላክ ይሻላል።