ሮሪስ ስቶሪ ኪዩብስ በክፍል ውስጥ፦ ከዘጠኙ ሦስቱ ይበቃሉ

ሮሪስ ስቶሪ ኪዩብስ በዳይስ (ስድስት ገጽ ባለው መጣያ ኩብ) የሚጫወቱት የታሪክ መተረኪያ ጨዋታ ነው። ሳጥኑ ውስጥ 9 ዳይስ አለ። ገጾቹ ላይ በነጥብ ፋንታ ሥዕል ስላለ በድምሩ 54 ሥዕል ይሆናል። መደበኛው አጨዋወት ዘጠኙንም ጥሎ በወጡት ሥዕሎች አንድ ታሪክ መተረክ ነው። ለቤት ጨዋታ መልካም። ተማሪዎቹ ለአንድ ጥያቄ ብዙ ዓይነት መልስ እንዲያፈልቁ ለሚፈልግ መምህር ግን በዚህ መልኩ እምብዛም አይጠቅምም። ዘጠኝ ሥዕል ሲደቀንበት ተማሪው የሚጨነቀው ሁሉንም ለማዳረስ ነው፤ «ከዚያ... ከዚያ...» እያለ ይጨርሳል። ከ10 ሚሊዮን በላይ ጥምረት መኖሩ (6 ዘጠኝ ጊዜ በራሱ ሲባዛ) ይህን አይለውጠውም።

ለአምስት ተማሪ ሦስት ዳይስ ስጡ፤ አንዱ ሳጥን ለሦስት ቡድን ይበቃል። አንዱ ተማሪ ሦስቱንም ይጣል፤ ከዚያ ለ4 ደቂቃ ማንም ሳይናገር ሁሉም በየወረቀቱ ለእያንዳንዱ ሥዕል የሚመጣለትን ትርጉም ይጻፍ። ዝምታው ዋናው ነገር ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዲልና ሽትሮበ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ቡድን አብሮ ሲያወራ ሐሳብ የሚያንሰው በዋናነት ተራ መጠበቅ ስለሚያግደው ነው። ደቂቃውንም አታሳጥሩ፤ መጀመሪያ የሚመጣው ሁሉም ሰው የሚያስበው ነው፣ ያልተለመደው ዘግይቶ ይመጣል። ለመጀመሪያው መልስ «ጎበዝ!» ማለትም ፍለጋውን እዚያው ይዘጋዋል።

ስትቆጥሩ ብዛትን ከዓይነት ለዩ። ድልድይ ወጣ እንበል። «የመኪና፣ የባቡር፣ የእግረኛ መሻገሪያ» ሦስት መልስ፣ አንድ ዓይነት ነው። «መሻገሪያ፣ የዝናብ መጠለያ፣ አስታራቂ፣ መስተጻምር» ግን አራት ዓይነት። (መስተጻምር ያለ ልጅ ካለ ሰዋስው መምህሩን አመስግኑ።) ዓይነቱ ከሁለት ካላለፈ «ይህን ነገር ሕፃን ምን ያደርግበታል? ጉንዳንስ?» ብላችሁ ጠይቁ እንጂ መልስ አትጠቁሙ። «ይሄ ሥዕል ምንድን ነው?» ለሚል ልጅም «አንተ ምን መሰለህ?» ይበቃዋል፤ ስሙን ከነገራችሁት ሌላ ትርጉም መፈለጉን ያቆማል።

ጉድለቶቹ፦ ሥዕሎቹ ትንንሽ ስለሆኑ ከሰሌዳ አጠገብ ይዞ ለመላው ክፍል ማሳየት አይቻልም። ጠረጴዛ ላይ ሲጣሉ ይንኳኳሉ፣ ይወድቃሉም፤ የካርቶን ክዳን ውስጥ ጨርቅ አንጥፎ መጣል ሁለቱንም ይፈታል። ከ15 ተማሪ በላይ ላለው ክፍል ተጨማሪ ሳጥን መግዛት አያስፈልግም። ከጠንካራ ወረቀት 4 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ስድስት ካሬዎችን በመስቀል ቅርጽ ቆርጦ፣ ታጥፎ ዳይስ ሆኖ ከመጣበቁ በፊት ተማሪዎቹ ራሳቸው ሥዕል እንዲስሉበት ማድረግ ይቻላል። ከተጣበቀ በኋላ መሳል ወረቀቱን ያጎብጠዋል።