የአያቴ ሣጥን ከአልጋ ሥር ወደ ኢንተርኔት፦ ምን ጠቀመኝ፣ ምን አቃጠለኝ

አያቴ ወረቀት አይጥሉም ነበር። ከባቲ ደሴ ጨው ሲያመላልሱ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰው ናቸው፤ የከፈሉትን ግብር፣ ያበደሩትን ብር፣ ከአሰብ የደረሳቸውን ደብዳቤ፣ የቅሬውን (የዕድሩን) መዋጮ ሳይቀር ቁልፍ ባለው የእንጨት ሣጥን ከተው አለፉ። ሣጥኑ ለትልቋ አክስቴ ደረሰ። እኔ ደግሞ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ደረሰኝ ማገላበጥ እንጀራዬ ስለሆነ ቤተሰቡ ሥራውን እኔ ላይ ጣለው።

ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ልጅና ብርድ ልብስ ይዘን ወጣን እንጂ ሣጥን ያስታወሰ የለም። ስንመለስ በሩ ተገንጥሏል፣ ቴሌቪዥኑም ምጣዱም የለም። የሣጥኑ ቁልፍ ተሰብሮ ወረቀቱ መሬት ላይ ተበትኖ ጠበቀን። ብር ፈልገው ነው የከፈቱት፤ ወረቀቱንማ ማን ይፈልገዋል። ኮቴ ያረፈበት የ1951 የግብር ደረሰኝ ዛሬም አለ፤ ስካን ሳደርገው ኮቴውን አላጠፋሁትም። ይሄ ነገር ሌላ ቦታ ቅጂ ያስፈልገዋል ያልኩት ያን ቀን ነው። ከማለት እስከ መጀመር ግን ሦስት ዓመት ሄደ።

ቆጠርኩት፦ 312 ወረቀት፣ 64 ፎቶ፣ አንድ ባለ 118 ገጽ የመንዙማ ደብተር። ደብተሩ አጀሚ ነው፤ ቃሉ አማርኛ፣ ፊደሉ ዐረብኛ።

መጀመሪያ የሄድኩት እዚሁ ደሴ ፒያሳ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ወደ አንዱ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ልጁ ጨዋ ነው፣ ጥፋቱም ግማሹ የእኔ ነው። በገጽ 5 ብር ተስማማን፣ 40 ገጽ ሰጠሁት። እኔ ስልክ ሳነጋግር ወረቀቱን ደርድሮ ከላይ እየጎተተ በሚያስገባው ማሽን ከተተው። ሦስተኛው ወረቀት አራት ቦታ ታጥፎ የኖረ የብድር ውል ነበር፤ እጥፋቱ ላይ ቀጭ አለ። ልጁ ደንግጦ “እናቴ፣ በስኮች ላጣብቅልሽ” አለኝ። እጁን ያዝኩት። ስኮች ዓመታት ሲቆይ ይቢጫል፣ ሙጫው ወረቀቱን ይበላዋል፤ የመሥሪያ ቤታችን አሮጌ ፋይል ያስተማረኝ ነገር ነው። ቤት ገብቼ የሰጠኝን ፍላሽ ስከፍት ደግሞ ሁሉም ጥቁርና ነጭ ሆኖ ዳርና ዳሩ ተቆርጧል። ሐምራዊው ማኅተም ግራጫ ጠብታ መስሏል፤ ኅዳጉ ላይ በእርሳስ የተጻፈው የአያቴ ሒሳብ ጭራሽ የለም። ማሽኑ ቆሻሻ መስሎት አጽድቶታል። ለመታወቂያ ቅጂ እንዲህ ያለው ቤት ይበቃል፤ ለሣጥን አይሆንም።

ከዚያ ሐይቅ ከተማ ካለች ጓደኛዬ ጠፍጣፋ ስካነር ተዋስኩ። ኃይሉን በገመድ ከላፕቶፑ ነው የሚወስደው፤ መብራት ጠፍቶ እንኳ የላፕቶፑ ባትሪ እስኪያልቅ ይሠራል። ደሴ ለሚኖር ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ይባላል። ወረቀቱን በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ)፣ ፎቶውን በ600 አነሳሁ፣ ሁሉንም በከለር። አንድ ኤፎር ገጽ ሳይታመቅ በ300 ወደ 26 ሜጋ ባይት፣ በ600 ከ100 ሜጋ ባይት በላይ ስለሚይዝ ባለ አንድ ቴራ ሃርድ ዲስክ ገዛሁ። በሥራው ሁሉ ትልቁ ወጪዬ እሱ ነው።

ለደብተሩ ግን ይህ ስካነር አልሆነም። ስስ ስካነር ጥሩ የሚያየው መስታወቱን የነካውን ብቻ ስለሆነ ስፌቱ አጠገብ ያለው ቃል ይደበዝዛል፤ ልጫነው ብል ደግሞ ስፌቱ ይፈታል። በመጨረሻ በረንዳ ላይ ሁለት ትራስ በማዕዘን አቁሜ፣ ደብተሩን ሙሉ ሳልከፍት አስደግፌ፣ ፀሐይ ሳትጠነክር በስልክ አነሳሁት። ሁለት ጠዋት ፈጀ። ሁለት ገጽ ላይ የጣቴ ጥላ አለ፤ ይቅር በሉኝ።

አሁን ወደ ዋናው። ያስቀመጥኩት ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ብሩስተር ካህል የመሠረተው፣ ሳን ፍራንሲስኮ ያለ ለትርፍ ያልቆመ ቤተ መጻሕፍት። አካውንት ለመክፈት ኢሜይል ይበቃል። ለመጫንም ለማንበብም አይከፈልም፤ የሚያነብ ሰው አካውንትም አያስፈልገውም። ፒዲኤፍ ስትጭኑ ራሱ እንደ መጽሐፍ የሚገለጥ አድርጎ ያቀርበዋል፣ ማውረድ የፈለገም ያወርዳል። ጅዳ በሰው ቤት የምትሠራ የአክስቴ ልጅ ሊንኩ በደረሳት ሌሊት በስልኳ ከፍታ የአባቷን የሰማንያ ውል አገኘች። በድምፅ መልእክት የላከችልኝ ልቅሶ ብቻ ነው፤ ቃል የለበትም።

አክስቴ ግን ነፃ የሚባል ነገር አይዋጥላቸውም።

“ብር ይከፍሉናል?” አሉኝ።

“አይከፍሉም።”

“እኛስ እንከፍላለን?”

“አንከፍልም።”

“ታዲያ ማን ነው የሚበላው?”

በመዋጮ ነው የሚኖሩት፣ ልክ እንደ ቅሬ፣ ስላቸው ተረጋጉ። “ቅሬ ከሆነስ ደግ” አሉ።

የብራና መጽሐፍ ያለው ገዳም ብንሆን ሌላ መንገድ ነበረን። የሐይቅ እስጢፋኖስን የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል የመሳሰሉት በ1960ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው የማይክሮፊልም (ገጹን አሳንሶ ፊልም ላይ የማንሳት) ሥራ ተነስተው፣ ቅጂያቸው አሜሪካ ሚኒሶታ ያለው ሂል ሙዚየምና ቤተ መጻሕፍት ደርሷል። ለብራናው ይገባዋል። ለጨው ነጋዴ ደረሰኝ ግን ካሜራ ይዞ የሚመጣ የለም፤ ከመጣም የምናፈላለት ቡና አለን።

ከመጫናችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ፤ እኔ ከጫንኩ በኋላ ነው ያወቅኩት። ርዕስና መግለጫ በፈለጋችሁ ጊዜ ታርማላችሁ፤ የፋይሉ አድራሻ ግን አንዴ ከተሰጠ አይለወጥም። የመጀመሪያዬን “ስካን ሦስት የመጨረሻ ትክክለኛው” ብዬ በላቲን ፊደል ጫንኩት፤ የአያቴ የንግድ ፈቃድ እስከ ዕለተ ምጽአት በዚያ ስም ይጠራል። ደግሞም የለቀቃችሁትን ራሳችሁ ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አትችሉም፤ ለአርካይቩ ጽፋችሁ ማስነሳት ነው። ስለዚህ የቤተሰብ ጭቅጭቅ ካለ ከመጫን በፊት ይለቅ።

ቀኑ ላይ ያዋረደኝ የገዛ ጥድፊያዬ ነው። አርካይቩ ላይ ቀን የሚጻፍበት ቦታ የሚሞላው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እኔ ሁሉም ላይ 8 እየደመርኩ ሄድኩ፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ ብያችኋለሁ። ከወረቀቶቹ አንዱ አያቴ በደረሰኝ ጀርባ የጻፉት ነው፦ ጣሊያን ደሴን በአውሮፕላን ሲመታ አራት በቅሎ ከነጭነቱ እንደጠፋባቸው ይናገራል፤ ቀኑ ኅዳር 1928። ስምንት ደምሬ 1936 አልኩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ታሪክ የሚያስተምር የእህቴ ልጅ ደወለ። “አክስቴ፣ ደሴ የተደበደበችው በ1935 ዲሴምበር ነው፤ ጃንሆይም እዚሁ ነበሩ። አንቺ ጦርነቱን በአንድ ዓመት አራዘምሽው” አለኝ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ግድም የሚደመረው 7 ነው፤ ከዚያ ወዲያ 8። 90 መግለጫ ተመልሼ አረምኩ። አሁን የእኛን ቀን ወረቀቱ ላይ እንዳለ መግለጫው ውስጥ እጽፈዋለሁ፤ የቀኑን ቦታ የምሞላው ከዚያ በኋላ ነው።

መግለጫው ላይ አትሰስቱ። የእጅ ጽሑፋችንን የአርካይቩ ማሽን በደንብ አያነብልንም፣ አጀሚውንማ ተዉት። ፈላጊ የሚያገኘው እናንተ በጻፋችሁት ቃል ነው። ስለዚህ ከስካኑ ይልቅ ጊዜ የበላው ከአክስቴ ጋር መቀመጡ ነው፦ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከአቦል እስከ በረካ፣ ስልኬ እየቀዳ። አንድ ፎቶ ላይ ጥቁር ጃንጥላ የያዘች ሴት አለች፤ ፊቷ በእርጥበት ሄዷል። ጀርባው ላይ “ለመታሰቢያ” ብቻ ነው የሚለው። አክስቴ ፎቶውን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ብዙ ቆዩ። “ጃንጥላዋ የኔ ናት። እጀታዋ ተሰንጥቆ በሽቦ አሥሬዋለሁ፣ እይው” አሉ። በ600 ያነሳሁትን ላፕቶፑ ላይ አጉልቼ አየሁ፤ ሽቦው ሦስት ዙር ዞሯል። ሴትዮዋ ጃንጥላ የተዋሰቻቸው ጎረቤት ነበረች። የፎቶው መግለጫ እንዲህ ነው የተሞላው።

ሁሉም እንዲህ አልቀለለም። ከጎረቤት ጋር የተካሰሱበት የርስት ክርክር 14 ገጽ ነው፤ የተከሳሹ የልጅ ልጆች ዛሬም አጥር ለአጥር ናቸው፣ ባለፈው ረመዳን ሾርባ የላኩልን እነሱ ናቸው። ስካን አድርጌ ሃርድ ዲስኩ ላይ ተውኩት። የአሰብ ደብዳቤዎችን የጻፉት ደግሞ የአያቴ ወዳጅ ናቸው፤ ወረቀቱ የእኛ ቢሆንም ቃሉ የእሳቸው ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996ን አንብቤ ከመጨነቅ ኮምቦልቻ ያሉ ልጆቻቸውን ፈልጌ ጠየቅኩ፤ ምሳ አብልተው ፈቀዱልኝ።

ከሁሉ የከበደችው የ1977 የእህል ማደያ ካርድ ናት። የመዳፍ ግማሽ ታክላለች፤ የቤተሰብ ብዛት 7 ተብሎ ተጽፎ፣ 7ቱ ተሰርዞ 5 ሆኗል። እኔ ደስ ብሎኝ “ይሄማ ታሪክ ነው፣ መጀመሪያ እሱን እንልቀቅ” አልኩ። አክስቴ ስኒውን አስቀመጡ።

“ረሃባችንን ለማን ልታሳዪ ነው?”

ዝም አልኩ።

“ያኔም ፈረንጅ በካሜራ አንስቶናል። ማን ጠየቀን?”

“አንቱ እንዳሉ ይሁን” ብዬ ካርዷን ሣጥኑ ግርጌ መለስኩ። የተሰረዙት ሁለቱ ማን ማን እንደሆኑ አልጠየቅኩም፤ አውቃለሁ። ነፃ ይሁን፣ ሁሉ ሰው ይየው የሚለው ሐሳብ ላይ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ እንደ መጀመሪያዬ አልሮጥም። ከሣጥኑ እስካሁን የወጣው 271 ወረቀትና 58 ፎቶ ነው፤ የቀረው በአክስቴ ውሳኔ የቀረ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ መጋዘኑ ትልቅ ነው ብላችሁ እዚያ ብቻ አትተዉት። በመስከረም 2017 መጨረሻ፣ እኔ ከመጀመሬ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ኢንተርኔት አርካይቭ በጠላፊዎች ተመትቶ ለቀናት ከመስመር ወጥቶ ነበር፤ የ31 ሚሊዮን አካውንት መረጃም ተወስዷል። የተቀመጡት መጻሕፍት አልጠፉም፤ ቢሆንም እኔ ሌላ ቅጂ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ሦስተኛውን አዲስ አበባ ወንድሜ ዘንድ አኑሬያለሁ። የይለፍ ቃሉንም ከኢሜይሌ የተለየ አድርጌዋለሁ።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ ለተዋስኩት ስካነር ከአምስት አራት፣ ለፎቶ ኮፒ ቤቱ አንድ፣ እሱም ለልጁ ጨዋነት። ለአርካይቩ አራት ተኩል። አምስት ሞልቶ የሚገባው ለአክስቴ ጃንጥላ ነው።

ደብተሩ ተጭኗል፣ ግን መግለጫው ገና አልተጻፈም፤ እኔ አጀሚ አላነብም። ሰፈራችን ያሉ ሸህ ሐሙስ ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ ያነቡልኛል፣ እኔ በፊደላችን እገለብጣለሁ። ባለፈው አንድ ስንኝ ላይ ቆመው ከት ብለው ሳቁ። “አያትሽ ይችን ከጆሮ ነው የጻፏት፣ ቤት መትታ ቃሏ ጠፍቷታል” አሉኝ። እንዳለች እንድተዋት፣ ትክክለኛውን ደግሞ ከሥር እንድጽፍ አዘዙኝ። ገጽ 78 ላይ ነን።