የጎንደር ቤት ደላሎች፦ ዋጋውን ያውቃሉ፣ ካርታውንስ?

ፒያሳ፣ ማራኪ ወይም አዘዞ ቤት የሚያሻሽጡ ደላሎች በአንድ ነገር አይታሙም፤ ሰፈሩን አሳምረው ያውቃሉ። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ የትኛው መንገድ በክረምት መኪና እንደማያስገባ፣ ሻጩ ምን ያህል እንደቸኮለ ሳይጠየቁ ይናገራሉ። ለዚህ ከአምስት አራት ይሰጣቸዋል። የውል ቃላት ሲጠየቁ ግን ከሁለት አያልፉም።

«ካርታ አለው» ሲሉ ነባር ይዞታም (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ቦታ) ሊሆን ይችላል፣ ሊዝም (ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ የተወሰደ ቦታ) ሊሆን ይችላል። ነባር ከሆነ የቦታ ኪራይና የቤት ግብር የተከፈለበትን ደረሰኝ ማየት ያስፈልጋል። ሊዝ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት ለመኖሪያ ቦታ የሚሰጠው ዘመን 99 ዓመት ነው፤ ቅድሚያ የሚከፈለው ከጠቅላላው ቢያንስ 10 በመቶ ሆኖ ቀሪው በየዓመቱ ከነወለዱ ይከፈላል። ስለዚህ ቀሪው ዕዳ ከቤቱ ጋር ወደ ገዢው ይዞራል። «ሊዙ እስከ መቼ ተከፍሏል?» ተብሎ ሲጠየቅ ደህናው ደላላ የመጨረሻውን ደረሰኝ ያመጣል፤ ሌላው «ኧረ ወንድሜ፣ እሷ ትንሽ ናት» ብሎ ያልፋል። ትንሽ የተባለችው ስንት ብር እንደሆነች በወረቀት ሳይታይ ዋጋ መነጋገር አያስፈልግም።

ካሬውም እንደዚያው ነው። ካርታው ላይ 10 በ20፣ ማለትም 200 ካሬ ተጽፎ አጥሩ 11 በ21 ሊሆን ይችላል፤ ደላላው ዋጋ የሚያወጣው በ231 ነው። 31ዱ ካሬ በካርታው የለም፤ መንገድ ሲሰፋ መጀመሪያ የሚፈርሰውም እሱ ነው። ሜትር ይዞ መሄድና ጥግ በጥግ መለካት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

«ከዕዳና እገዳ ነጻ» የሚለው የደላላ ቃል ሳይሆን የማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ ነው፤ ቀኑ መታየት አለበት። የወር ዕድሜ ያለው ደብዳቤ ትናንት ፍርድ ቤት ያወጣውን እገዳ አያውቅም።

ሻጩ በውክልና ከመጣ፣ ውክልናው «መሸጥ» የሚለውን ቃል በግልጽ መያዝ አለበት። «ማስተዳደር» ብቻ ከሆነ ለመሸጥ ልዩ ሥልጣን የሚጠይቀውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205 አያሟላም። ወካዩ በሕይወት መኖሩም ይጠየቅ፤ ነውር መስሏቸው የሚያልፉት ብዙ ናቸው። ሻጩ ባለትዳር ከሆነና ቤቱ የጋራ ንብረት ከሆነ የሁለቱም ፊርማ ያስፈልጋል።

ደላሎቹ በጣም የሚያጣድፉት ቀብድ ላይ ነው፤ «ሌላ ገዢ መጥቷል» የተለመደች ዘፈናቸው ናት። በሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ከውሉ የወጣ ቀብድ ሰጪ ገንዘቡን ያጣል፣ ተቀባዩ ከወጣ እጥፍ ይመልሳል። ስለዚህ ቀብዱ የሚሰጠው የሊዙ ደረሰኝ፣ የእገዳው ደብዳቤና ውክልናው ከታዩ በኋላ ነው፤ ኮሚሽኑም ስንት እንደሆነና መቼ እንደሚከፈል ያን ዕለት አብሮ ይጻፍ።